ስለ ቤቱና ስለ ክሱ፣ ለእህት ዓለም

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የባለቤቴን ለቅሶ ሰምተሽ ደጋግመሽ ደውለሽ ነበር፤ ያኔ ከማንም ጋር የማወራበት ልብ አልነበረኝም። አሁን ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷልና ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው።

አርባው እንደወጣ የእሱ ልጆች የወራሽነት ማስረጃ አወጡ። ወረቀቱ ላይ የእኔ ስም የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሚስት ባሏን ትወርሳለች የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ መጀመሪያ ወራሾቹ ልጆች ናቸው፣ እነሱ ከሌሉ ወላጆች፣ እንዲህ እያለ ወደ ዘመድ ይሄዳል እንጂ ሚስት ተራው ውስጥ የለችም። የሚስት መብት ከጋራ ሀብት ላይ ነው። በትዳር ውስጥ የተገኘው ሀብት እኩል ይከፈልና ግማሹ የእሷ፣ የሟች ግማሽ ደግሞ ውርስ ይሆናል። ጎረቤቱ ሁሉ «ግማሹ ያንቺ ነው፣ ምን አስጨነቀሽ» የሚለኝ ለዚህ ነው። ግን ታውቂያለሽ፣ ዋናውን ቤት የሠራው በ1985 ነው፤ እኛ የተጋባነው በ1994። ከጋብቻ በፊት የነበረው የግሉ ነው፣ የግሉም በሙሉ የልጆቹ።

ጠበቃዬ ቀልጣፋ ልጅ ናት። መጀመሪያ የያዘችው ጓሮ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች ነው፤ እነሱን የሠራናቸው በ2003፣ በትዳር ውስጥ ነዋ። የቤተሰብ ሕጉ ከግል ንብረት የተገኘን ገቢ ሳይቀር የጋራ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በትዳራችን ጊዜ የተሰበሰበው የቤት ኪራይም የሁለታችን ነበር ማለት ነው። የእነሱ ጠበቃ «ሟች በራሱ ገንዘብ ነው የሠራው» ብሎ ድርቅ አለ። የእኛ ዕቁብ ጸሐፊ ያን አሮጌ መዝገብ በፌስታል ጠቅልለው ችሎት ይዘው ቀረቡ። ዳኛዋ ገጹን ገልጠው «ይህ ፊርማ የማን ነው?» ሲሏቸው፣ «የእሷ ነው፤ ዕጣው የወጣላት ዕለት ፈርማ የወሰደችው። በማግስቱ ብሎኬት ሲራገፍ አይቻለሁ» አሉ። ገጹ ላይ የፈሰሰው ቡና እንኳ እንዳለ ነው። ሳቄን አፍኜ ቀረሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን አልቀለለኝም። ራሷን ማስተዳደር ያቃታት ባለቤት ከሟች ውርስ ላይ ቀለብ መጠየቅ ትችላለች። ተራ አለው ታዲያ፤ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ ውርሱን የማጣራት ወጪ፣ ቀጥሎ የሟች ዕዳ፣ አራተኛ እኔ፤ በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ ቢኖር እንኳ ከእኔ በኋላ ነው። ድንኳኑና ንፍሮው ይቅደመኝ ግድ የለም፤ እሱን በክብር የሸኘ ነው። ያንገበገበኝ ችግሬን በማስረጃ አሳዪ መባሌ ነው። ኩላሊቱን ታሞ ሌሊት ሌሊት ያገላበጥኩትን ሰው የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው የባንክ ደብተሬ ነው። ከእሱ ጡረታ ግማሹ ለእኔ ይከፈላል፤ የዘንድሮን የጤፍ ዋጋ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። ጠበቃቸው ግን ያንኑ አንሥቶ «ከሳሽ በቂ ገቢ አላት» ይላል። ትልቁ ልጅ ከበር ውጭ «እትዬ፣ ተቀመጪ» ብሎ ወንበር ይለቅልኛል፤ ገብቶ ደግሞ ይህ ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ልጆቹን አልረግምም። አባታቸው ኑዛዜ ጽፎ ቢሆን ኖሮ እነሱም እኔም እዚህ በር ላይ ባልተገናኘን ነበር። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ «ሞቴን አታሟርቺ» ይለኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና።

ቀጣዩ ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ ነው። እስከዚያ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለሰርቪሶቹ ቆርቆሮ ያበደርሽኝን ገንዘብ ከሪያድ በስሜ ነበር የላክሽው፤ መልሼ ከፍዬሻለሁ፣ ግን ያ የሐዋላ ወረቀት ካልጠፋ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ጠበቃዬ በጣም ትፈልገዋለች። ይህን ያህል ጠፍታ ጠፍታ ደረሰኝ ፍለጋ መጣች ብለሽ ሳቂ፤ ብቻ ሻንጣሽን በርብሪልኝ።

እህትሽ