ቀዩ ቀለም፦ የጂኦግራፊ ክበባችን ዓመት

“የጂኦግራፊ ክበብ ካርታ ከማቅለም ሌላ ምን ይሠራል?” የሚል ጥያቄ ስታፍ ውስጥ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ዘንድሮ የሠራነውን ልንገራችሁ።

የዓመቱ ርዕሳችን ብራዚሊያ ነበረች። ብራዚል ዋና ከተማዋን ከባሕር ዳር ከሪዮ ዲ ጄኔሮ ወደ መሀል አገር ለመውሰድ ስታስብ መጀመሪያ መሬቱን ነው ያስጠናችው። እ.ኤ.አ. በ1892 በሉዊስ ክሩልስ የሚመራ ቡድን ወደ መሀል አገሩ ከፍተኛ ሜዳ ሄዶ አየሩን፣ ውሃውንና አፈሩን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካዊው ዶናልድ ቤልቸር ድርጅት ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ እያነበበ አምስት ቦታ ለየ፤ እያንዳንዱን በቀለም ሰየመው፤ ቡናማው ተመረጠ። ቦታው ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሙቀቱ ለዘብ ይላል። በበጋ ግን አየሩ ክፉኛ ስለሚደርቅ ወንዝ ገድበው የፓራኖዋን ሐይቅ አበጁ። ከተማዋን የነደፈው ሉሲዮ ኮስታ ከሁለቱ ዋና መስመሮች አንዱን ያጎበጠው ለመሬቱ አቀማመጥና ለውሃው መውረጃ ብሎ ነው። አውሮፕላን እንድትመስል የተደረገ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ “እኛም የራሳችንን እንሥራ” አሉ። ከእንጦጦ እስከ ታች ያለውን ተዳፋት በካርቶንና በጭቃ፣ ኮንቱር በኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን የካርታ መስመር እየተከተሉ) ደራረቡት። ከላይ በጆግ ውሃ አፈሰሱ። ውሃው የሚተኛበትን ቦታ ካርታው ላይ ቀይ ቀቡት።

ታኅሣሥ ላይ እንጦጦ ወጣን። ብርዱና የውሃ ችግሩ ቤተ መንግሥቱን ከዚያ ተራራ ወደ ፍልውሃ እንዳወረደው እያስረዳሁ ሳለ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ካርታውን ይዛ ቁልቁል ስትፈልግ ቆየች። “ቲቸር፣ የኛ ቤት ቀዩ ውስጥ ነው” አለችኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር እናቷ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ እንደምትሰቅል ነገረችኝ። ስንት ዓመት ስለ ጎርፍ ሳስተምር ከተማሪዎቼ የማን ቤት ውሃ እንደሚገባው ጠይቄ አላውቅም ነበር። ስንወርድ መንገዱን ሙሉ ሌሎቹም የየራሳቸውን ቤት ሲፈልጉ ነበር።

የረቡዕ ስብሰባችን ብዙም አልተቋረጠም፤ ሰልፍ ላይም ሁለት ጊዜ አቅርበናል። በሁለተኛው መንፈቅ የክፍሉ ጣሪያ አፍስሶ ሞዴላችን ተበላሸ። ፈተና ሲቃረብ አባላት ቀነሱ። ዓመቱን ሙሉ 26 ልጆች የተሻሙት አንድ የተቀደደ ካርታ ነው። ለኳስና ለማሊያ ብር ተገኝቷል፤ ደስ ብሎኛል። ካርታም ይገዛልን።

ያቺ ልጅ ሐምሌና ነሐሴን በሰፈሯ ያለውን ወንዝ ከፍታ በየቀኑ ልትለካ ወስናለች። ድልድዩ ላይ ቆማ ነው የምትለካው፤ ወደ ውሃው እንዳትወርድ ተስማምተናል። ደብተሩን እኔ ሰጥቻታለሁ። ረጅም ሜትር ያላችሁ ወላጆች ሰኔ ሳያልቅ ብታውሱን ትደርሳለች።