የጎንደር ግንቦች ታሪክ ሲጻፍ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ግድግዳ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጎንደር የተቆረቆረችበት ዓመት አንዱ ጽሑፍ ላይ 1628፣ ሌላው ላይ 1636 ተብሎ ይነበባል። ሁለቱ አይጣሉም፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጣጣው የሚመጣው ቁጥሩ ብቻውን ሲጻፍ ነው። 1628ን የፈረንጅ መስሎት እንደገና ስምንት የሚቀንስ ሰው 1620 ላይ ይወድቃል። ያኔ ደግሞ ዙፋኑ ላይ የነበሩት የከተማዋ ቆርቋሪ የአፄ ፋሲል አባት አፄ ሱስንዮስ ናቸው፤ አፄ ፋሲል የነገሡት በ1624 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱም ሁልጊዜ ስምንት አይደለም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት ነው። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱን ዓመት በጭረት አያይዞ መጻፍ ይሻላል።

ዜና መዋዕሎቻችን ዓመቱን በወንጌላዊው ስም ስለሚጠሩ ማመሳከሪያ አለን። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ። 1628 ሲደመር 7128 ይሆናል፤ ለአራት እኩል ይካፈላል፤ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ምንጩ ለዚያው ዓመት «ዘመነ ሉቃስ» ካለ፣ ወይ ጸሐፊው ወይ አስልቶ የቀየረው ሰው ስቷል።

«ግንቡን ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚለውም ሳይመረመር ይደገማል። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን) ያባረሩት ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ነው። በ1648 እ.ኤ.አ. ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ ቤተ መንግሥቱ በድንጋይና በኖራ መሠራቱን ጽፎ፣ ግንበኛው ሕንዳዊ ነው ይላል። ይህም ቢሆን የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። ለጎብኚ በሚቆመው መግለጫ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ያለበት «አል ሐይሚ እንደጻፈው» ተብሎ እንጂ እንደ ተረጋገጠ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እዚህ የነበረው በ1770 እና 1771 እ.ኤ.አ. ሲሆን መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው። እሱን የሚጠቅስ ሰው ሁለቱንም ዓመት ይጥቀስ፤ በመሀሉ ያለው ጊዜ ቀላል አይደለም።

በብሩስ አገር ያለው ኤለን ዶናን በሥዕል ፖስታ የሚታወቅ ግንብ ነው፤ የሚያየው ሁሉ የጥንት ይመስለዋል። በ1719 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ደብድበው አፍርሰውታል፤ ዛሬ የሚታየው በ1932 እ.ኤ.አ. ተገንብቶ ያለቀው ነው። የእኛም ግድግዳዎች ዕድሜያቸው እኩል አይደለም። የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ። ጣሊያኖች በሲሚንቶ ጠገኑ፤ ኋላ በኖራ የተሠራው ጥገና ብዙውን ሲሚንቶ አስወግዷል።

ስለዚህ የግንቦቹ መዝገብ «ግንቡ በዚህ ዓመት ተሠራ» ብሎ ማብቃት የለበትም፤ ግድግዳ በግድግዳ መሄድ አለበት። እያንዳንዱን ገጽታ ፊት ለፊት፣ የአንድ ሜትር ዘንግ አስደግፎ ፎቶ ማንሣት፤ ከታች ቀኑንና የግድግዳውን አቅጣጫ መጻፍ። ከጎን የተነሣ ፎቶ ያምራል፤ ለልኬት ግን አይረባም። ከዚያ የድንጋዩን መጋጠሚያ ማየት ነው፦ ኖራው ነጣ ያለና ሲፋቅ የሚረግፍ፣ ሲሚንቶው ግራጫና የማይበገር። ሲሚንቶ እርጥበቱን ስለሚያፍነው ውሃው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ጎኑ ያለው ድንጋይ ላይ ነጭ ጨው ካበበና ቅርፊቱ ከተላጠ ምክንያቱን እዚያው መጋጠሚያ ላይ ፈልጉት። ይህ ሁሉ ልስን ከመቀባቱ በፊት መሠራት አለበት። ከተለሰነ ወዲያ የትኛው የፋሲል፣ የትኛው የጣሊያን እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም።

የድሮ ፎቶ ቤታቸው ያላቸው የጎንደር ቤተሰቦችም ከጀርባው ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው በር በኩል እንዳነሣው በለስላሳ እርሳስ ቢጽፉበት መልካም ነው። በእስክሪብቶ ግን አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል።

ከአክብሮት ጋር
ከጎንደር