«እባክዎ ኮምፒውተሩን አያጥፉ»፦ የአይሲቲ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

የአይሲቲ ክበብ መስከረም ላይ ያወጣው ዕቅድ የትምህርት ቤቱን ዌብሳይት መሥራት ነበር። ዌብሳይቱ አልተሠራም። ዓመታችንን የበላው አፕዴት ነው። ሲወርድ የፈጀብንን ጊዜ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ እሱም የድርሻውን ወስዷል። ይበልጡን የከረምነው ግን አፕዴት ሲያማርረን ምን ብለን፣ ለማን፣ እንዴት እንደምንናገር ስንማር ነው። ርእሰ መምህሩ «ዕቅድና አፈጻጸማችሁ ለምን አልገጠመም?» ሲሉኝ የመለስኩትም ይህንኑ ነው።

ነገሩን የቆሰቆሰው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ሲስተሙን ያወጣው ጁላይ 29 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ነበር። ድጋፉን ያቆመው ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ ተጣሞ «ጥቅምት 4 ዊንዶውስ 10 ያለው ኮምፒውተር ሁሉ ይዘጋል» ሆኗል። በዕለቱ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ አባላቱ የኮምፒውተር ላብ በር ላይ ተኮልኩለው ጠበቁኝ። ኮምፒውተሮቹን አበራናቸው። እንደ ወትሯቸው እየተንገራገጩ ተነሱ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ቅር ብሎት «ቲቸር፣ ታዲያ ምኑ ነው ያለቀው?» አለ።

ያለቀው ጥገናው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝ መድፈኛው ወደ ተራው የዊንዶውስ 10 ኮምፒውተር አይመጣም። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ደግሞ በምኞት አይሆንም። ቢያንስ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ በዚያ ላይ ኩባንያው በዝርዝሩ ያስገባው ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ይጀምራል። በላባችን ካሉት ብዙዎቹ ራሙን ያልፉና ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃሉ።

በዚያው ሳምንት አባላቱ ላብ ግድግዳ ላይ ማኒላ ለጠፉ። ርእሱ «አፕዴት ምን አደረገህ?» ይላል። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጻፈበት። «ዳታዬን በላው።» «80 ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ።» «ስልኬ ስታክ ያደርጋል።» «ላጠና ስል ሪስታርት አደረገ።» «አይኮኖቹን ማን አንሱ አላቸው?» አንዱ ደግሞ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ ብቻ ሄደ። ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ግን ይህን ለማን ትልከዋለህ? የተቀበለውስ ምን ይሠራበታል?

ማኒላው ላይ መጀመሪያ የብራንድ ስም ይጻፍ ነበር። በኋላ ከለከልን። ስም ሲጠራ ወሬው ወዲያው አርሴናልና ማንቼ ይሆናል፤ ሁሉም ቡድኑን ይዞ ይጮኻል፣ የተበላሸችው ስልክ ትረሳለች። ስለዚህ በክበቡ ውስጥ የደረሰብንን ያለ ስም፣ በዓለም ፊት የታወቀውን ደግሞ በስሙ እንድናወራ ተስማማን። ይህ ዘገባም የተጻፈው በዚያው ሕግ ነው።

ከዚያ ማጣራት ጀመርን። እያንዳንዱን ቅሬታ የጻፈው ልጅ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሌሎቹ ይጠይቁታል፦ ዕቃው ምንድን ነው? ቨርዥኑ ስንት ነው? ምን ስታደርግ ነው የሆነው? ምን ይሆናል ብለህ ነበር? የሆነውስ? ደግመህ ብትሞክረው ይደገማል? ብዙ ቅሬታ እዚህ ጋ ትንፋሹ አለቀ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «አፕዴቱ የእናቴን ስልክ ባትሪ ገደለው» ብላ ነበር የጻፈችው። መቼ አፕዴት ተደረገ? ትናንት ማታ። ስልክ ከትልቅ አፕዴት በኋላ ፎቶውንና አፑን ከውስጥ እንደገና ሲያደራጅ ባትሪ በደንብ ይበላል። «እስከ ሰኞ ጠብቂው» ተባለች። ሰኞ ባትሪው ወደ ቦታው ተመልሷል። ልጅቷ ግን አልረካችም። «ታዲያ ይህን ለምን አይነግሩንም? እናቴ ስልክ ጠጋኝ ጋ ልትወስደው ነበር እኮ!» አለች። እውነቷን ነው። የባትሪው ቅሬታ ወደቀና በቦታው የሚሻል ቅሬታ ተወለደ።

ኅዳርንና ታኅሣሥን በአንድ የታወቀ ጉዳይ ላይ ቆየን። ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 2 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ቨርዥን 1809 የሚባለውን ትልቅ የዊንዶውስ 10 አፕዴት ለቀቀ። በአንዳንድ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ፋይሎችን አጠፋ። ስርጭቱ በቀናት ውስጥ ቆመ፤ ተስተካክሎ የተመለሰው ኖቬምበር 13 ነው። የጠፋበትን መንገድ ልጆቹ በሰሌዳ ላይ ሣሉት። አንድ ሰው ዶክመንት ፎልደሩን ከሲ ድራይቭ ወደ ዲ ድራይቭ አዛወረ እንበል። አሮጌው ፎልደር ሲ ላይ ይቀራል። አፕዴቱ አሮጌውን ባዶ ቅሪት ነው ብሎ አጸዳው። ባዶ ያልነበረባቸው ሰዎች ነበሩ። ሳይዛወር የቀረ ፋይል ወይም በኋላ አንድ ፕሮግራም እዚያው ያስቀመጠው ፋይል ነበራቸው። እሱ ሄደ።

ለክበባችን የጠቀመው ግን ከመጥፋቱ ይልቅ ከመጥፋቱ በፊት የነበረው ነው። አፕዴቱ ለሁሉም ከመለቀቁ በፊት በፈቃደኛ ሞካሪዎች እጅ ነበር። ከእነሱ አንዳንዶቹ ፋይል እንደጠፋባቸው በኩባንያው የአስተያየት መቀበያ አስቀድመው ጽፈዋል። ጽሑፋቸው ብዙ ድምፅ አላገኘም፤ ብዙ ሰው ያልደረሰበት ችግር ነዋ! ስለዚህ ከክምሩ ሥር ቀረ። ኩባንያው ከጉዳቱ በኋላ በመቀበያው ላይ የችግሩን ክብደት የሚገልጽ ቦታ ጨመረ።

እዚህ ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «እንግዲህ በጨዋ ደንብ ጽፈህስ ምን ታመጣለህ? ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባልክ መጮህ ነው» አለ። ሌላው «ጽፈው ባያስቀምጡት ኖሮ የአስተያየት መቀበያው ራሱ የተበላሸ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?» ብሎ ተከራከረ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። ግን የመጀመሪያዎቹም ከንቱ አይደሉም። ተጠቃሚ ላይ ብቻ ሸክም የሚጭን «ገንቢ አስተያየት» አይጥመኝም። በደንብ የተጻፈ ቅሬታ በደንብ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። ተበዳዩ እንዲለሳለስ ብቻ መምከር ደግሞ ሽምግልና ሳይሆን አድልዎ ነው። ልጆቹን «አትናደዱ» ብዬ አላውቅም። «ንዴታችሁ ላይ ቨርዥኑን ጻፉበት» ነው የምላቸው።

ጩኸትና ማስረጃ አንድ ላይ ሲሄዱ ምን እንደሚሆን ለማየት የአይፎንን ጉዳይ አነሳን። «አዲስ ስልክ እንድንገዛ አሮጌውን ያዘገዩታል» የሚለው ሐሜት ለዓመታት የቆየ ነው። ሐሜት ስለነበር ማንም አልመለሰለትም። ዲሴምበር 2017 ላይ አንድ ተጠቃሚ ባትሪውን ቢቀይር የስልኩ ፍጥነት እንደተመለሰ ልኬቱን ይዞ ጻፈ። ጊክቤንች የተባለውን የፍጥነት መለኪያ የሚሠራው ጆን ፑል ደግሞ የብዙ ስልኮችን ውጤት በቨርዥን በቨርዥን ለይቶ በግራፍ አወጣው። አፕል በቀናት ውስጥ አመነ፦ ያረጀ ባትሪ ስልኩን ድንገት እንዳያጠፋው ሶፍትዌሩ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። ይቅርታ ጠየቀ። ከዋስትና ውጭ ለሆኑት ስልኮች የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። በአይፎኑ ሲስተም በአይኦኤስ 11.3 ላይም የባትሪውን ጤንነት ማሳያ ጨመረ። ግራፉን ሰሌዳ ላይ ስናሳየው ጥግ የተቀመጠ ልጅ «ሐሜቱን ግራፍ አደረጉት!» አለ።

በቅርቡም የአውሮፓ ሸማቾች ጉዳይ ነበር። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ የዊንዶውስ 10 ማራዘሚያ ሲያቀርብ መጀመሪያ ዋጋው 30 ዶላር ነበር። ቆይቶ ሴቲንጉን ከአካውንቱ ጋር ላመሳሰለ በነፃ ሆነ። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ደግሞ የሸማቾች ማኅበር በደብዳቤ ከሞገተ በኋላ ያ የማመሳሰል ግዴታም ቀረ።

የስድብን ነገርም አልፈን አልሄድንም። የሊነክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አባት ሊነስ ቶርቫልድስ የከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ለውጥ የሰውን ፕሮግራም ካበላሸ ጥፋቱ የከርነሉ እንጂ የተጠቃሚው አይደለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ። ይህንኑ ሲያስከብር ግን ባልደረቦቹን ይዘልፍ ነበር። ሴፕቴምበር 2018 ላይ ለዚህ ይቅርታ ጠይቆ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራው ገለል አለ። መርሁን አልተወም።

«እንግዲያው አፕዴቱን ጭራሽ ብንዘጋውስ?» የሚል ሐሳብ በየሳምንቱ ይመጣል። መልሱ አጭር ነው። ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስና የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሥራ ሲያስተጓጉል መድፈኛው ከማርች 14 ጀምሮ ተለቆ ነበር። ያልጫኑት ተያዙ። አለቀ።

ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ ወደ መጻፍ ገባን። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ማኒላው ላይ «ይሄ አፕዴት የማይረባ ነው፤ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ያለ አይመስላቸውም» ብሎ ነበር። ከብዙ ስረዛና ድልዝ በኋላ እንዲህ ሆነ፦

«ከአፕዴቱ በፊት ኪቦርዱ ላይ ያለችውን የግሎብ ምልክት አንዴ ስነካ አማርኛ ይመጣ ነበር። አሁን ምልክቷ ጠፍታለች። አማርኛን አጥፍቼ እንደገና ጨመርኩት፤ አልተመለሰችም። ስልኩን ሪስታርት ሳደርገው ትመጣለች፤ ቆልፌ ስከፍተው ትጠፋለች። የጓደኛዬ ተመሳሳይ ስልክም እንዲሁ ነው። በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚጽፍ ሰው ምልክቷን ስለማይጠቀም ችግሩን አያየውም። በሁለት ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ግን ለእያንዳንዱ መልእክት ሴቲንግ መግባት አለበት።»

መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልብ በሉልኝ። ሠሪው ለምን እንዳላየው ይነግሩታል። የመጀመሪያው ንዴት እዚያው ውስጥ አለ፤ ወንበር አግኝቶ ተቀመጠ እንጂ አልወጣም። እንግሊዝኛውን የቋንቋ ክፍሉ መምህራን አገዙን። ለሲስተሙ ሠሪ ላክነው፤ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል የማሽን መልስ መጣ። ኪቦርዱን በነፃ ለሚሠሩት በጎ ፈቃደኞችም ላክነው። እነሱ ስክሪንሾት ጠየቁ፣ ቨርዥን ጠየቁ፣ በሚቀጥለው እትማቸው አስተካከሉት። ልጁ ለሳምንት ያህል መሬት አልረገጠም።

የኒያላ ፎንትም የራሱ ከሰዓት ተሰጠው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ኒያላ ከሲስተሙ ጋር ይመጣ ስለነበር ብዙ አማርኛ ሰነድ በእሱ ተጽፏል። በዊንዶውስ 10 ከተጨማሪ ፊቸሮች ተራ ገባ። በሌለበት ኮምፒውተር ሰነዱ ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካል፤ ስፋታቸው ስለማይመሳሰል መስመሩ ይዘላል፣ በሁለት ገጽ ያለቀው ፈተና ሦስተኛ ገጽ ይጀምራል። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብቶ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን መጫን ነው። ይህን የማያውቅ መምህር ካለ ላብ ብቅ ይበል።

ግንቦት ላይ ነገሩ ዞሮ ልጆቹ ላይ መጣ። የላይብረሪው የመጽሐፍ ውሰት መዝገብ ባለፈው ዓመት ክበባችን በኤክሴል የሠራው ነው። አባላቱ ቅዳሜ ቁጭ ብለው አሳመሩት። ቀለም ቀየሩ፣ የተማሪውን ስም ከፊት ወደ ኋላ አሻገሩ፣ የመመለሻ ቀኑን በሌላ ገጽ አደረጉ። ለማንም አልተነገረም። ሰኞ በምሳ ሰዓት የላይብረሪ ሠራተኛዋ የክበባችንን የቅሬታ ቅጽ ሞልተው መጡ። ምን አደረግኩ፦ መጽሐፍ ላወጣ መዝገቡን ከፈትኩ። ምን ጠበቅኩ፦ ስም፣ ቁጥር፣ ቀን። ምን ሆነ፦ ቀኑን ስፈልግ ሰልፉ በሩን አልፎ ወጣ።

የክበቡ ሰብሳቢ «እትዬ፣ አሁን እኮ ያምራል» አለ። «ለማን?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ከዚያ ቁጭ ብለው አንድ ሁለት ነገር አስረዱት፦ ስሙ ከፊት የሚሆነው ልጆቹ መጀመሪያ የሚነግሯቸው ስማቸውን ስለሆነ ነው፤ ቀኑ እዚያው ገጽ ላይ ካልሆነ ደግሞ ተማሪውን አቁመው ሊፈልጉት ነው። አሮጌው መዝገብ በዚያው ቀን ተመለሰ። አዲሱ ጎን ለጎን ተቀመጠ። ምን ሊቀየር እንደታሰበ የሚገልጽ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ተተወ። ቀለሙን ወደዱት። የዓምዶቹን ቅደም ተከተል አልተቀበሉም፤ እንደነበረ ቀረ።

በላቡ በኩል አሠራራችን ተስተካክሏል። አፕዴት አስቀድሞ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ይጫናል። ካልተጎዳ ሌሎቹ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ይከተላሉ። ከሱ በፊት ፋይል ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። መብራት ሲሄድ የሚይዝ ዩፒኤስ ያላቸው ብቻ ናቸው የሚነኩት። አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ እንዲቀባበሉ የሚያደርገውን «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ስላበራነው ኢንተርኔቱ ተንፍሷል። ሞባይል ዳታ የሚጠቀሙ አባላት ላፕቶፓቸው ላይ አፕዴት ዳታቸውን እንዳይበላ የሚገድበውን «ሚተርድ ኮኔክሽን» አብርተዋል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሊነክስ እየሞከርን ነው። አማርኛው በደንብ ይሠራል፤ ፕሪንተሩ ግን አሁንም እያስቸገረ ነው። ስለ ቀሪዎቹ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ አስገብተናል። በቅጹ መሠረት፣ ከነሞዴላቸው።

የ2019 ዓ.ም. ምዝገባ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ላብ ውስጥ ይካሄዳል። ዌብሳይቱ በዕቅዱ ውስጥ ተመልሷል። ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው በላቡ ይሠራል። አፕዴቱን ግን ቤቱ ጨርሶ ይምጣ።