የቤተሰብ ፎቶ አይከልከል፤ የልጆቻችን ጨዋታ ግን በቀጥታ ስርጭት አይተላለፍ

ለጅማ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለጅማ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት
ጅማ

ጉዳዩ፦ በመናፈሻዎችና በልጆች መጫወቻ ስፍራዎች ስለሚደረግ ቀረጻና ቀጥታ ስርጭት የተጻፈ ደንብ እንዲወጣልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የሁለት ልጆች እናትና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ሆኜ ነው። በከተማችን ሰው ከልጆቹ ጋር ወጣ ብሎ አየር የሚቀበልባቸው ስፍራዎች እየበዙ መምጣታቸው የሚያስደስት ነገር ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይም በበዓላት ማግስት፣ ዥዋዥዌውና ሸርተቴው ወረፋ የሚጠበቅበት ሆኗል። ነገር ግን በእነዚህ ስፍራዎች ስልክና ካሜራ እንዴት መያዝ እንዳለበት የሚናገር አንድም የተጻፈ ነገር አላየሁም። የሚገዛን የጥበቃ ሠራተኛው የዕለቱ ስሜት ነው። አንዱ በር ላይ «ፎቶም ቪዲዮም ክልክል ነው» ይባላል፤ ሌላው ጋ ደግሞ ማንም መጥቶ የማያውቀውን ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ ለሺዎች ሲያሳይ የሚናገረው የለም። ሁለቱም ትክክል አይደሉም ብዬ አምናለሁ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ዒድ ማግስት ልጆቼን ይዤ ከከተማችን መጫወቻ ስፍራዎች ወደ አንዱ ሄጄ ነበር። አዲስ ቀሚስ የለበሱ፣ እጃቸው ሂና የተቀባ ትናንሽ ልጃገረዶች ጃምፒንጉ ላይ ይዘላሉ። አንድ ወጣት ስልኩን በመያዣ ዘንግ ላይ አድርጎ ከጃምፒንጉ አፍ ላይ ቆሞ ቀጥታ ያስተላልፋል። አምስት ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ትልልቆቹ ሲዘሉበት ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ፤ ሱሪውም ረጠበ። ወጣቱ ስልኩን ወደዚያ አዞረ። ተመልካቾቹ የሚጽፉት አስተያየት በስልኩ ላይ ይወርዳል፤ የሚስቁ ምስሎች፣ የጽጌረዳ ስጦታዎች፣ በመሐል ደግሞ «የት ነው ይሄ?» የሚል ጥያቄ። እሱም የስፍራውን ስም ከነሰፈሩ ተናገረ። የልጁ እናት እየሮጠች መጥታ በነጠላዋ ጠቅልላ አነሣችው። «አጥፋው» ስትለው የመለሰላት ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «እናቴ፣ ቀጥታ ነው እኮ፤ አንዴ ወጥቷል።»

ወጣቱን ክፉ ልለው አልፈልግም። በክፋት ያደረገው አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ደንግጦ ይቅርታ ጠይቋታል። ግን የተናገረው እውነት ነው። አንዴ ወጥቷል።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በሌላ ስፍራ የተቃራኒውን አየሁ። ከማና ወረዳ የመጡ አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጠው ስልካቸውን እያወጡ ነበር። ጥበቃው መጣና «አባባ፣ ክልክል ነው» ብሎ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደው። አዛውንቱ አልተቆጡም፤ እየለመኑ ነበር የሚያስረዱት። የልጅቷ እናት ሳዑዲ ናት። ሕፃኗን ትታት ስትሄድ ገና ጡት መጣሏ ነበር፤ የምታያት በስልክ ነው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች እንደዚህ ያለ ቤት ስንት እንዳለ ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። አያት ለልጃቸው የሚልኩት ፎቶ ለዚያች እናት ምን ማለት እንደሆነም እንዲሁ። ጥበቃው በመጨረሻ ስልኩን መለሰላቸው፤ ፎቶው ግን አልተነሣም። የትኛው ሕግ ነው ይህን የከለከላቸው?

የጠየቅሁት በቁም ነገር ነው፤ መልሱን ከአገራችን ሕግ ፈልጌዋለሁና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ታዋቂነት፣ የሕዝብ ሥልጣን፣ የፍትሕ ሥራ፣ በአደባባይ የተደረጉ የሕዝብ በዓላትና ክንውኖች። ልብ በሉልኝ፦ አንቀጽ 27 የሚናገረው ምስሉን ስለ ማሳየትና ስለ ማሰራጨት እንጂ ስለ ማንሳት አይደለም። ሕጉ ሲጻፍ በማንሳትና በማሳየት መካከል ጊዜ ነበረ። ፊልሙ ይታጠባል፣ ፎቶው ይታተማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሰው የሚታየው። ሰው «የእኔን አታውጣ» ለማለት ፋታ ነበረው። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ እንኳ እስኪለጠፍ ድረስ ያ ፋታ አለው፤ ቆርጦ ማውጣት፣ ፊት መሸፈን፣ መተው ይቻላል። ቀጥታ ስርጭት ግን ማንሳትንና ማሳየትን በአንድ ቅጽበት ያደርጋቸዋል። ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ የለም፣ የሚከለከልበትም ጊዜ የለም። በዚያ ላይ አንድ ልጅ አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ በየትኛው ስፍራ እንዳለ ለማይታወቅ ሰው ሁሉ ይናገራል። ስለዚህ ደንባችን መስመሩን ማስመር ያለበት ካሜራ በያዘና ባልያዘ ሰው መካከል አይደለም፤ በቀረጻና በቀጥታ ስርጭት መካከል ነው።

ሕገ መንግሥቱም ለዚህ መንገድ ይሰጣል። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽና መረጃ የመቀበልና የማሰራጨት መብት ይሰጣል፤ በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ግን የወጣቶችን ደህንነት እንዲሁም የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሲባል ሕጋዊ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል ተጽፏል። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም ተቋም እርምጃ ሲወስድ የሕፃኑን ደህንነት እንዲያስቀድም ያዛል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። እንግዲህ ለገደቡ መሠረት አለን። መሠረት የሌለው በር ላይ በቃል የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ገደብ የሚጣለው በሕግ ነው እንጂ በጥበቃ ቁጣ አይደለምና።

የሌሎችን አገሮች ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ልምድም ብታዩት ለዚሁ ያግዛችኋል። ዲዝኒ በፍሎሪዳና በካሊፎርኒያ ባሉት ፓርኮቹ ጎብኚ ለራሱና ለቤተሰቡ ፎቶ እንዳያነሣ አልከለከለም። የከለከለው ያለ ፈቃድ ለንግድ መቅረጽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የራስ ፎቶ ማንሻ ዘንግን ከለከለ፤ ያኔ በካሊፎርኒያው ፓርክ አንድ ተሳፋሪ እየሄደ ባለ ሮለርኮስተር (በሐዲድ ላይ በፍጥነት የሚወጣና የሚወርድ መጫወቻ) ላይ ዘንጉን በማውጣቱ መጫወቻው እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ካሜራው ቀረ፣ ዘንጉ ተከለከለ። እኔ ጥሩ ደንብ የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ አደጋውን ነጥሎ የሚይዝ፣ ሌላውን የሚተው። አደጋውም የዋዛ አይደለም። በዚያው ዓመት ኦሃዮ ውስጥ ሴዳር ፖይንት በሚባለው ፓርክ አንድ ጎብኚ የጠፋበትን ስልክ ፍለጋ የታጠረውን ስፍራ አልፎ ገብቶ በሮለርኮስተሩ ተመትቶ ሕይወቱ አልፏል። የእኛ መጫወቻዎች ያን ያህል ፍጥነት የላቸውም፤ ቢሆንም በሚሽከረከር ወንበር ላይ አንድ እጁ ስልክ የያዘ ሰው በአንድ እጁ ብቻ ነው የሚይዘው።

ከጃፓን ደግሞ የዘገየ ደንብ ምን እንደሚያመጣ እናያለን። በኪዮቶ ከተማ ጊዮን በሚባለው ጥንታዊ ሰፈር ጎብኚዎች ጌሻዎችን (በባህላዊ ሙዚቃና ጭፈራ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሴቶችን) እየተከተሉ በመቅረጽ ነዋሪውን አስመረሩት። እ.ኤ.አ. በ2019 በግል መንገዶቹ ላይ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት 10,000 የን እንደሚያስቀጣ የሚያስጠነቅቁ ሰሌዳዎች ተተከሉ፤ ያም አልበቃ ብሎ በ2024 አንዳንዶቹ መንገዶች ጭራሹን ለጎብኚ ተዘጉ። በጊዜው ልከኛ ደንብ ያላወጣ ሰፈር በኋላ በሩን ወደ መዝጋት ይሄዳል። ጅማ ወደዚያ እንድትደርስ አልፈልግም።

በቀጥታ ስርጭት የሚተዳደሩትን ወጣቶችም አልዘነጋሁም። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ የነበሩ ናቸው። የጂሬን ኮረብታንና የአባ ጅፋር ሁለተኛን ቤተ መንግሥት፣ የአዌቱን ወንዝ ዳርቻ፣ የሂርማታን ገበያ ለዓለም ያሳዩት እነሱ ናቸው፤ ከባለሙያ ማስታወቂያ ይልቅ የእነሱ ቪዲዮ ሰው ወደ ከተማችን እንደሚስብ ታውቃላችሁ። የምለምነው ሥራቸው እንዲቆም አይደለም፣ ቦታው እንዲለይ ነው። በየመናፈሻው ሰፊ ሜዳ፣ በር አካባቢ፣ መድረክና ዝግጅት ባለበት ቀጥታ ቢያስተላልፉ ማንም አይጎዳም። የልጆች መጫወቻው አጥር ውስጥ፣ የመዋኛ ስፍራ፣ የመጸዳጃ ቤትና ልብስ መቀየሪያ አካባቢ፣ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ መጫወቻ ላይ ግን ቀጥታ ስርጭት ፈጽሞ አይፈቀድ። ቲክቶክ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው ቀጥታ ስርጭት እንዳያስተናግድ ከልክሏል። ልጁ ስልኩን ይዞ እንዳያስተላልፍ ከተከለከለ፣ ሌላው ስልክ ይዞ ልጁን እንዲያስተላልፈው መፍቀዳችን በምን ይገባል?

ለቤተሰብ ፎቶና ለግል ቪዲዮ ግን የትም ቦታ በር አትዝጉ፤ ገንዘብም አታስከፍሉ። በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ምክንያት ስላለኝ ነው። ክልከላ ባለበት ቦታ ሁሉ «ትንሽ ነገር ስጠኝና አንሣ» የሚባል ነገር ይከተላል። የሙሽራ ቪዲዮ የሚያነሡ ባለሙያዎችን ጠይቁ፤ አንዱ ስፍራ ደረሰኝ ይሰጣቸዋል፣ ሌላው ሳይሰጣቸው ይቀበላቸዋል። ለንግድ የሚቀርጽ ሰው ክፍያ ካለበት ዋጋው በሰሌዳ ይጻፍ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፈል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለት። እጅ በእጅ የሚባል ነገር አይኑር።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። «ቀረጻ ክልክል ነው» የሚለው ቃል ጥፋት መደበቂያ እንዳይሆን እሰጋለሁ። በአንድ መጫወቻ ስፍራ የሸርተቴው ጠርዝ ብረት ተገንጥሎ ወደ ላይ ቆሞ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ አይቻለሁ። ልጆች በዚያ ላይ እየተንሸራተቱ ነበር። አንድ አባት ፎቶ ሲያነሣው ሠራተኛው መጥቶ «ስማችንን ልታጠፋ ነው» አለው። ያ ፎቶ ለሚመለከተው አካል ሊደርስ የሚገባው ማስረጃ ነው እንጂ የማንም ስም ማጥፊያ አይደለም። ስለዚህ በደንባችሁ ውስጥ ጎብኚ የተበላሸ መጫወቻን፣ የተከፈተ የኤሌክትሪክ ሽቦን፣ የደረሰበትን በደል መቅረጽ እንደሚችልና በዚህም ምክንያት ከስፍራው እንደማይባረር በግልጽ ይጻፍልን። ደንቡ የሚጠብቀው ልጆችን ይሁን፤ የስፍራውን ባለቤት ከትችት መከለል የእሱ ሥራ አይደለም።

ጥበቃዎቹስ? ደመወዛቸው ትንሽ፣ ሥራቸው ከባድ ነው፤ ምን እንደሚከለክሉ ሳይነገራቸው ቆመው ሲከለክሉ ይውላሉ። የማንንም ስልክ የመንጠቅ፣ ከፍቶ የማየትና የማጥፋት ሥልጣን እንደሌላቸው ይነገራቸው። ቀጥታ የሚያስተላልፈውን ሰው በትሕትና እንዲያቆም ወይም ወደ ተፈቀደው ስፍራ እንዲሄድ ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ ከስፍራው ያስወጡ፤ ከዚያ ያለፈው የፖሊስ ሥራ ነው። የግማሽ ቀን ሥልጠና ይህን ለማስረዳት ይበቃል።

ደንቡ ከወጣ ሰሌዳው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም በሥዕል ይታይ። በር ላይ ከቲኬት መቁረጫው መስኮት ጎን ይሰቀል፤ ሰው ገንዘቡን ሳይከፍል ያንብበው። ከሁሉ በፊት ግን ረቂቁን ለወላጆች፣ ለመጫወቻ ስፍራ ባለቤቶች፣ ለቪዲዮ ባለሙያዎችና ለእነዚያ ቀጥታ ስርጭት ለሚሠሩ ወጣቶች አቅርባችሁ አወያዩን። ወጣቶቹን ካልጠራችሁ ደንቡ በማግስቱ የሚጣስ ይሆናል።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እነዚህ ስፍራዎች ከጠዋት እስከ ማታ በልጆች ይሞላሉ። ረቂቁ ከዚያ በፊት ለውይይት እንዲቀርብ፣ ደንቡ ተሟልቶ እስኪጸድቅም ቢያንስ በልጆች መጫወቻ አጥር ውስጥ ቀጥታ ስርጭት እንዲቆም፣ የቤተሰብ ፎቶ የሚከለክሉ ስፍራዎችም ክልከላቸውን እንዲያነሡ በደብዳቤ እንድታሳውቁልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። መድረኩ በተዘጋጀ ጊዜ ከሌሎች እናቶችና መምህራን ጋር መጥቼ ያየሁትን ለመመስከር፣ በረቂቁም ላይ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የሁለት ልጆች እናትና መምህርት
ጅማ