እማዬ፣ ይህቺን አንዷን ፊልም ብቻ

እማዬ፣

የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ እያደረግሽ ነው? ማታ ማታ እንደምትረሺው እህቴ ነግራኛለች። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘለል ተብሏል። እባክሽ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ ስለ ሙሴ የተሠራ ፊልም አይታ፣ «ባሕሩ እውነት እንደዚያ ቆመ?» እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታኛለች። ስትጠይቅ ደስ ይለኛል። እኔ በእሷ ዕድሜ ስለ ጌታ የተሠራ ፊልም ሳይ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ቴሌቪዥኑን አጠፋሽብኝ። «ጌታን ሰው አይተውንም» አልሽ። ፊልም ልማር ስልም መልስሽ ያው ነበር። እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው አንዱንም አላየሽልኝም። ይሄ ከልቤ አልወጣም እማዬ።

ስጋትሽ ግን ይገባኛል። ፊልም ሠሪዎቹም ይፈራሉ። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቤን ሁር» የክርስቶስን ፊት ጨርሶ አያሳይም። ለእስረኛው ውኃ ሲያጠጣው ጀርባውንና እጁን ብቻ ነው የምናየው፤ ማን እንደሆነ የሚነግረን የጠጪው ፊት ነው። የ2004ቱ የሜል ጊብሰን ፊልም ደግሞ ምንም አይደብቅም። ግርፋቱ አላልቅ ይላል። እሱን እንድታዪ አልፈልግም።

የምፈልገው ጣሊያናዊው ፓዞሊኒ በ1964 የሠራውን ነው፤ የማቴዎስን ወንጌል። ሰውዬው አማኝ አልነበረም፤ ንግግሩን ግን የወሰደው ከወንጌሉ ነው። ስመ ጥር ተዋናይም አልፈለገም። ማርያምን ሆና መስቀሉ ሥር የምታለቅሰው የገዛ እናቱ ሱዛና ናት። ማቴዎስ እመቤታችንን እዚያ ቦታ አያነሳትም፤ የሚያነሳት ዮሐንስ ነው። ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ፓዞሊኒ ግን እናትየውን መተው አልሆነለትም። ሱዛና ታናሽ ልጇ በ1945 በጦርነቱ ተገድሎባታል። ፊልሙ ላይ ጉልበቷ ሲከዳት ሰዎች ደግፈው ይይዟታል። ያ ልቅሶ ትወና ነው ብዬ ልነግርሽ አልችልም። ወንድሜን የቀበርን ዕለት ያንቺን አይቻለሁ።

ሐኪሙ የግራው ዓይንሽ ላይመለስ ይችላል ብሎኛል። ለአንቺ ያልነገሩሽ እኔ ስለከለከልኩ ነው። ይህን ፊልም ሳታዪው እንዳትቀሪ ፈራሁ።

እሑድ እመጣለሁ፤ ፊልሙን ይዤ። ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ሲደክምሽ እናቆመዋለን። ካልወደድሽው ራስሽ አጥፊው። ብቻ አብረን እንጀምረው።

ልጅሽ