ግጥሙን ለልጆቹ ተዉላቸው

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

የበዓል ልብስ የልጆችን ፈጠራ ያፍናል የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም። ያደግሁት ላሊበላ ነው። ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ 16 ሲደርስ የልጃገረዶች በዓል የሆነው አሸንድዬ ይገባል፤ ሰቆጣ ሻደይ፣ ቆቦ ሶለል ይሉታል። ቀሚሱ ያው ጥልፍ ቀሚስ ነው፣ ወገብ ላይ የሚታሰረውም ያው ረጅም ሣር፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግን የኛ ነበር። የሹሩባውን ዓይነት፣ ድሪ ከማን እንደምንዋስ፣ ማን ግጥም እንደምታወጣ ሳምንቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ እንከርማለን። በየደጁ ስንዞር ደግሞ ግጥሙ እንደ ባለቤቱ ይቀየራል፤ ለሰጠ ሙገሳ፣ ለነፈገ ሽሙጥ፣ እዚያው በር ላይ ቆመን የምንፈጥረው!

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አሁን አሁን ልጆቹን አንድ ዓይነት ቲሸርት አልብሰው መድረክ ላይ ያሰልፏቸዋል፣ ዘፈኑም በስፒከር ይለቀቃል። አምና የእህቴ ልጅ የራሷን ግጥም ይዛ ብትሄድ «ፕሮግራም ላይ የለም» ተባለች። አልቅሳ ተመለሰች። የበዓሉ አስተባባሪዎች፣ መድረኩን አዘጋጁ፣ ግጥሙን ግን እባካችሁ ለልጆቹ ተዉላቸው። ዘንድሮ እኛ ሰፈር ልጆቹ በየቤቱ እንዲዞሩ ተነጋግረናል፤ ከበሮውም ተገኝቷል።