ሳይጠሩ የሚመጡ እድምተኞች

ይድረስ ለእህት ዓለም፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሠርግሽ ከቀረሁ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ ሳይሆን በምን ፊቴ ብዬ ነው፤ አሁን ግን ከአየርላንድ ገጠር ሠርግ ተመልሼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሠርጉ የነበረው በምዕራብ በኩል፣ በሜዮ ነው። እራት ተበልቶ ጭፈራው ሲደምቅ፣ ገለባ የለበሱና ፊታቸውን በረጃጅም የገለባ ቆብ የሸፈኑ ጎረምሶች ሳይጠሩ ገቡ። «የገለባ ልጆች» ይሏቸዋል። አለቃቸው ሙሽራዋን አስነሥቶ ጨፈረ፣ ሌሎቹም እድምተኛውን አስነሡ፤ ከዚያም የሚጠጣ ቀምሰው፣ ማንነታቸው ሳይታወቅ እንደ አመጣጣቸው ሄዱ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት እንደነገሩኝ፣ እነዚህን ልጆች በደስታ የተቀበለ ሙሽራ መልካም ዕድል ይገጥመዋል ተብሎ ይታመናል።

ስለ ቀድሞው ሥርዓትም አጫወቱኝ። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አገሪቱን ከመታው ታላቅ ረሃብ በኋላ እርሻው እንዳይቆራረስ ለአንድ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፍ ስለነበር፣ ጋብቻ በአገናኝ የሚቆረጥ ከባድ ጉዳይ ሆነ፤ የልጅቱ አባት መሬቱንና ከብቱን ዞሮ ሳያይ እሺ አይልም ነበር። ለጋብቻው የሚሰጠው ገንዘብ እንደ እኛ ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ሳይሆን ከሙሽራዋ ቤት ይመጣ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሙሽራው እህት በዚያው ገንዘብ ትዳር ነበር። አንዲቱ ይዛው የገባችውን ሌላይቱ ይዛው ስትወጣ አስቢው፤ እኔ ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው።

ሠርጋቸውም እንደ እኛው ከዐቢይ ጾም በፊት ይጣደፍ ነበር፤ የመጨረሻው ቀን ጾሙ ከሚገባበት ረቡዕ በፊት ያለው ማክሰኞ ነበር። ሳያገባ ጾሙ የገባበትን ሰው በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ልጆች ጀርባውን በጠመኔ ያሰምሩበት ነበር፤ ይህን ስሰማ ግን ለተሰመረበት ሰው አዘንኩ።

እህቴ፣ እነዚያ ልጆች ሳይጠሩ ሲጨፍሩ እያየሁ፣ ተጠርቼ የቀረሁበት ሠርግሽ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ለጥር አገር ቤት እገባለሁ፤ ሳትጠሪኝ መጥቼ በርሽን አንኳኳለሁና ክፈቺልኝ።

የአንቺው እህት